የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ፣ የ68 ሚሊዮን ሰው አካውንት

ነገሩ የታወቀው በስፓም ነው። ጁላይ 2012 አጋማሽ ላይ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አውሮፓ የሚኖሩ አንዳንድ የድሮፕቦክስ (ፋይል ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ አገልግሎት ነው) ደንበኞች የቁማር ማስታወቂያ በኢሜይል ይጎርፍላቸው ጀመር። ስፓም አዲስ ነገር አይደለም፤ አይቶ ማጥፋት ነው። እነዚህ ሰዎች ግን አጥፍተው ዝም አላሉም። ማስታወቂያው የመጣበት አድራሻ ለድሮፕቦክስ ብቻ ብለው የከፈቱት ነበር። ለሌላ ለማንም ሰጥተውት አያውቁም። ታዲያ ቁማር አስተዋዋቂው ከየት አገኘው?

ኩባንያው ከውጭ ባለሙያ ጨምሮ ጉዳዩን አጣራ። ጁላይ 31 ላይ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ከሌሎች ድረገጾች የተሰረቁ ስሞችና ፓስወርዶች ጥቂት የድሮፕቦክስ አካውንቶችን ለመክፈት ውለዋል አለ። ቀጥሎ የተናገረው ይብሳል። በተሰረቀ ፓስወርድ የአንድ የራሱ ሠራተኛ የድሮፕቦክስ አካውንት ተከፍቷል። እዚያ ውስጥ የደንበኞች ኢሜይል አድራሻ የሰፈረበት የሥራ ሰነድ ነበር። ስፓሙ የመጣው ከዚያ ነው።

በወቅቱ የተነገረው ይኸው ነበር። ኢሜይል ወጣ፣ ይቅርታ ተጠየቀ፣ ነገሩ ተረሳ። ሙሉው ታሪክ እስኪታወቅ አራት ዓመት ፈጀ።

ስለ ፓስወርድ ማስረዳት ሲኖርብኝ ሁሌም ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ። ብዙ ምክር «ጠንካራ ፓስወርድ ምረጡ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ሠራተኛው የመረጠው ፓስወርድ ጠንካራ ይሁን ደካማ ዋናው ጥያቄ አይደለም። ዋናው ጥያቄ ያ ፓስወርድ ስንት በር ይከፍት ነበር የሚለው ነው።

ከአራት ወር በፊት፣ ሌላ ኩባንያ

ወደ ማርች 2012 እንመለስ። ዬቭጌኒ ኒኩሊን የሚባል ሩሲያዊ ሊንክድኢን የተባለው የሥራ ግንኙነት ድረገጽ የአንድ ሠራተኛ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። በሠራተኛው መግቢያ ተጠቅሞ ወደ ኩባንያው የውስጥ ኔትወርክ ዘለቀ። ከዚያ የተጠቃሚዎችን ዳታቤዝ ወሰደ። ይህን የምናውቀው በኋላ ፍርድ ቤት ስለቀረበ ነው። ኒኩሊን ኦክቶበር 2016 ፕራግ ውስጥ ተያዘ። በ2018 ለአሜሪካ ተላልፎ ተሰጠ። በ2020 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በዳኞች ፊት ጥፋተኛ ተባለና 88 ወር ተፈረደበት። ከተከሰሰባቸው ኩባንያዎች አንዱ ሊንክድኢን ነው፤ ሌላው ድሮፕቦክስ።

ጁን 2012 ላይ ወደ 6.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የሊንክድኢን ፓስወርዶች አንድ የሩሲያ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ተለጥፈው ተገኙ። እንደ ተጻፉ አልነበሩም፤ በሀሽ መልክ ነበሩ። እዚህች ጋ ትንሽ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቀሪው ነገር በሙሉ በዚህ ላይ ነው የቆመው።

ደህና የተሠራ ድረገጽ ፓስወርዳችሁን ራሱን አያስቀምጥም። ፓስወርዱን በሒሳብ ፈጭቶ ውጤቱን ብቻ ይይዛል። የዚህ ውጤት ስም ሀሽ ነው። ዱቄት መልሶ እህል አይሆንም፤ ሀሽም ተመልሶ ፓስወርድ አይሆንም። ስትገቡ የጻፋችሁት እንደገና ይፈጫል፤ ሁለቱ ዱቄት አንድ ከሆነ በሩ ይከፈታል። ስለዚህ ሌባ ዳታቤዙን ቢወስድ እንኳ ያገኘው ዱቄት ነው።

ሌባው ግን ዱቄቱን እህል ለማድረግ አይደክምም። እሱም ወፍጮ አለው። ሰዎች ይመርጧቸዋል ብሎ የሚገምታቸውን ቃላት በተራ ይፈጫል፤ ከሰረቀው ጋር ያስተያያል። «123456»ን ይፈጫል፣ ያያል። የተለመዱ ስሞችን፣ የልደት ዓመቶችን፣ የእግር ኳስ ክለቦችን ይፈጫል፣ ያያል። የገጠመለት ሁሉ ተሰበረ ማለት ነው።

ሊንክድኢን በዚያን ጊዜ ይጠቀምበት የነበረው ሻ-1 የሚባል ወፍጮ ነው። ፈጣን ነው። ለሌላ ሥራ ፍጥነቱ ጥሩ ነው፤ ለፓስወርድ ግን መቅሰፍት ነው። የግራፊክስ ካርድ የተገጠመለት አንድ ኮምፒውተር በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ግምት ሊሞክርበት ይችላል። በዚያ ላይ ሶልት፣ ማለትም «ጨው» የሚባለው ነገር አልነበረበትም። ጨው ማለት ለእያንዳንዱ ሰው ፓስወርድ ከመፈጨቱ በፊት የሚጨመር የተለያየ የዘፈቀደ ፊደልና ቁጥር ነው። ጨው ካለ የእኔና የእናንተ ፓስወርድ አንድ ቢሆንም ሀሹ ይለያያል፤ ሌባው እያንዳንዱን ሰው ለብቻ መሞከር አለበት። ጨው ከሌለ ግን አንድ ግምት ሲገጥም ያንን ፓስወርድ የመረጡት ሁሉ በአንዴ ይወድቃሉ።

ስንቶች በአንዴ ወደቁ? ሜይ 2016 ላይ ከዚያው ስርቆት የተገኘ ከ160 ሚሊዮን በላይ መዝገብ ለሽያጭ ቀረበ። 117 ሚሊዮኑ ኢሜይልም የፓስወርድ ሀሽም ነበረው። የተጠየቀበት ዋጋ 5 ቢትኮይን ነው። ዝርዝሩን የመረመሩ ሰዎች «123456»ን ከ750 ሺህ በሚበልጡ አካውንቶች ላይ አገኙት። ሁለተኛው ምን ይመስላችኋል? የድረገጹ ስም ራሱ፣ «ሊንክድኢን»፣ በላቲን ፊደል በትንንሹ ተጽፎ። ከ170 ሺህ በላይ ሰው መርጦታል። እያንዳንዱ ሰው ለራሱ «ይሄ ለማስታወስ ይቀለኛል» ብሎ እንደመረጠው አስቡ። ሁሉም ለየብቻ አስበው አንድ ቦታ ተገናኙ።

አንድ ፓስወርድ ሁለት ቤት

አሁን ወደ ድሮፕቦክስ ሠራተኛ እንመለስ። ማንነቱ በይፋ አልተነገረም፤ ባይነገርም ደስ ይለኛል። ቴክክራንች የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ድረገጽ በ2016 እንደዘገበው ሠራተኛው በሊንክድኢን የሚጠቀምበትን ፓስወርድ ሥራው ላይም ይጠቀምበት ነበር። ሊንክድኢን ሲዘረፍ ያ ፓስወርድ ሌባው እጅ ገባ። ሌባው ደግሞ ሊንክድኢን ላይ ሰው የት እንደሚሠራ ማወቅ አይቸግረውም። ድረገጹ የተሠራው ሰው የሥራ ቦታውን እንዲጽፍበት ነው!

ይህ ዘዴ ዛሬም ከዋነኞቹ የአካውንት ስርቆት መንገዶች አንዱ ነው። ማንም ተቀምጦ የእናንተን ፓስወርድ አይገምትም። ከአንድ ቦታ የተዘረፈ የኢሜይልና የፓስወርድ ዝርዝር ይይዛሉ፤ ሌሎች መቶ ድረገጾች ላይ በፕሮግራም ያስሞክሩታል። ከሺህ ጥቂቱ ቢከፍት ይበቃቸዋል። ፓስወርዱ ሃያ ፊደል ይሁን፣ ምልክት ይኑረው፣ ግድ የለውም። አንዴ በሌላ መንገድ ከተገኘ፣ ያው ቃል በተቀመጠበት ሁሉ ይሠራል።

ሠራተኛው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ አልፈርድበትም። ለዚህ ሁሉ ፓስወርድ የሚሆን የማስታወስ አቅም ሰው አእምሮ ውስጥ የለም። አንድ ተራ ሰው ኢሜይል አለው፣ ባንክ አለው፣ ሁለት ሦስት ማኅበራዊ ገጽ አለው፣ የሥራ መግቢያ አለው፣ አንዴ ገብቶ የረሳቸው ደግሞ በደርዘን ይቆጠራሉ። ይህን ሁሉ የተለያየ፣ ረጅምና የማይገመት አድርገህ በቃልህ ያዝ ማለት አይቻልም። የማይቻል ነገር የታዘዘ ሰው መላ ይፈልጋል። መላው ደግሞ ሁሌም አንድ ነው፦ ያንኑ ቃል መድገም።

ወይም ደግሞ መቀጠል። መጨረሻው ላይ «1»፣ ሲያስቸግር «2»፣ ምልክት ጠይቆ እምቢ ሲል የቃል አጋኖ። አንዳንዱ ዋና ቃሉን ይዞ የድረገጹን ስም ጫፉ ላይ ይለጥፋል፤ ለየብቻ ያደረገ ይመስለዋል። ለፕሮግራም አይደለም፣ ለሰው ዓይን እንኳ ይህ ግልጽ ነው። አንዱን ያየ ሌላውን ያውቀዋል። ሌቦቹ ፓስወርድ የሚሰብሩባቸው መሰንጠቂያ ፕሮግራሞች ደግሞ እነዚህን ልማዶች እንደ ሕግ ተጭነውባቸው ነው የሚመጡት።

አራት ዓመት ዝምታ

ከ2012 እስከ 2016 ያለው ጊዜ ነው እኔን በጣም የሚያስጨንቀኝ። ሊንክድኢን በ2012 አደጋ ላይ ናቸው ያላቸውን አካውንቶች ፓስወርድ ዘጋ። ሌሎቹን አልነካም። የወጣው 6.5 ሚሊዮን ነው ተብሎ ታስቦ ነበር፤ 117 ሚሊዮኑ ግን የሌባ እጅ ላይ ነበር። በመካከሉ ያሉት ሰዎች ስልክ ቀይረዋል፣ ሥራ ቀይረዋል፣ አገር ቀይረዋል። ፓስወርዱን ግን አልቀየሩም። ማንም ቀይሩ አላላቸውም።

ጁን 2016 ላይ የማርክ ዙከርበርግ የትዊተርና የፒንተረስት ገጽ ለጥቂት ጊዜ በሌላ ሰው እጅ ገባ። አዎርማይን የተባለው የጠላፊዎች ቡድን ፓስወርዱን ከሊንክድኢን ዝርዝር እንዳገኘው ተናገረ። «ዳዳዳ» የሚል ነበር ሲልም ጻፈ። የፌስቡክ መሥራች ነው። ትዊተር ገጹን ለዓመታት አልተጠቀመበትም ነበር። እንደ ብዙዎቻችን፣ ከፍቶ የተወው በር ነበር ማለት ነው።

ኦገስት 2016 ላይ ድሮፕቦክስ ከ2012 አጋማሽ በፊት ተመዝግበው ፓስወርዳቸውን ላልቀየሩ ሰዎች እንዲቀይሩ አስገደደ። ለጥንቃቄ ነው አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ፋይሉ ብቅ አለ። ከ68 ሚሊዮን በላይ አካውንት። ኢሜይልና የፓስወርድ ሀሽ። በ2012 «ኢሜይል ያለበት ሰነድ» የተባለው ነገር ከዚህ እጅግ ይበልጥ ነበር።

አንድ ሀሽ በቅርብ

ፋይሉ እውነተኛ መሆኑን እንዴት አወቁ? ይህን ያደረገው ትሮይ ሀንት ነው። አውስትራሊያዊ የደህንነት ባለሙያ ነው፤ ሰው ኢሜይሉ ተዘርፎ እንደሆነ የሚያይበትን «ሀቭ አይ ቢን ፖውንድ» የተባለ አገልግሎት በ2013 የሠራው ሰው። ፋይሉ ሲደርሰው የሚስቱን ኢሜይል ፈለገ። አገኘው። ከጎኑ ሀሽ አለ።

ሚስቱ የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ትጠቀማለች። በ2012 የነበራት የድሮፕቦክስ ፓስወርድ ፕሮግራሙ ራሱ ያወጣላት ረጅም የዘፈቀደ ጽሑፍ ነው። ቃል የለውም፣ ዓመት የለውም፣ ማንም አስቦ አይደርስበትም። ሀንት ያንን አሮጌ ፓስወርድ ከማስቀመጫው መዝገብ አወጣ። መሰንጠቂያ ፕሮግራም ከፈተ። እንደ ግምት የሰጠው አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ እሱኑ። ገጠመ። ያንን ሀሽ ያንን ፓስወርድ ከሚያውቅ ሰው በቀር ማንም ሊፈጥረው አይችልም። ፋይሉ በእርግጥ ከድሮፕቦክስ የወጣ ነው።

ይህችን ትዕይንት ደጋግሜ አስባታለሁ። የእሷ ሀሽ ከ68 ሚሊዮኑ ጋር ተሰርቋል። እሷ ምንም አላጠፋችም። ጠንቃቃ መሆኗ ከመዘረፍ አላዳናትም። ነገር ግን ሌባው በሀሿ ምን ሊያደርግ ይችላል? ለመስበር ቢነሳ አይሰበርለትም። ቢሰበርለት እንኳ ሌላ የትም አይሠራም። ፓስወርዱን ቀይራ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። «123456» ብሎ የተመዘገበው ሰው ግን ከዚያው ፋይል፣ በዚያው ቀን፣ የተለየ ዕጣ ነው የገጠመው።

ለድሮፕቦክስ የሚገባውን ልስጠው። ሀሾቹ እንደ ሊንክድኢን አልነበሩም። ወደ 32 ሚሊዮኑ በቢክሪፕት የተፈጩ ናቸው። ቢክሪፕት በ1999 ሲነደፍ ሆን ተብሎ ዘገምተኛ እንዲሆን ነው የተሠራው፤ ጨውም አብሮት ይመጣል። ባለቤቱ ሲገባ የአፍታ ጉዳይ ነው፤ በቢሊዮን ለሚገምት ሌባ ግን ዕድሜ ይጨርሳል። የቀሩት በሻ-1 ነበሩ፤ ያም ቢሆን ጨው ነበራቸው። ችግሩ፣ እናንተ ስትመዘገቡ የድረገጹ ወፍጮ የትኛው እንደሆነ አታዩም። ምዝገባው ገጽ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ በጣም መጥፎው እንደሆነ አድርጎ ማሰብ ይሻላል።

በቁጥር እንየው

እስቲ በጣም መጥፎውን እንውሰድ። ጨው የሌለው ፈጣን ሀሽ፣ በሰከንድ 1 ቢሊዮን የሚሞክር ሌባ። ስምንት የላቲን ትንንሽ ፊደል ያለው ፓስወርድ 209 ቢሊዮን ገደማ አማራጭ አለው። ብዙ ይመስላል። ሌባው ሁሉንም በሦስት ደቂቃ ተኩል ይጨርሰዋል። ያውም ፊደሎቹ በዘፈቀደ ከተመረጡ ነው፤ ስም ከሆነ ሰከንድም አይፈጅም።

አሁን ሌላ መንገድ። 7,776 ቃላት ያሉበት ዝርዝር ውሰዱ። ቁጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ዳይስ አምስት ጊዜ ሲጣል የሚወጣው አማራጭ ልክ ይህን ያህል ነው። በየአምስት ውርወራው አንድ ቃል ይመረጣል። አምስት ቃላት በዚህ መንገድ ብታወጡና ብታያይዟቸው ያው ሌባ ሁሉንም ለመጨረስ 900 ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። ስድስት ብታደርጉት በሚሊዮን ዓመት ይቆጠራል። «ጉም መሰላል ዝይ ሰባት ክር» ዓይነት ነገር ነው። ትርጉም የለውም፤ ግን ሁለት ቀን ደጋግሞ የጻፈው ሰው አይረሳውም። (ይቺን አትውሰዱ፤ ተጽፋለች።)

ብዙ ሰው «እኔ በአማርኛ ቃል፣ በላቲን ፊደል እጽፋለሁ፤ ፈረንጅ አያውቀውም» ይለኛል። ቃላቱ በአማርኛ መሆናቸው ክፋት የለውም፤ ለማስታወስም ይረዳል። ግን መከላከያው ቋንቋው አይደለም። በዚህ መልክ የተጻፉ ፓስወርዶች በተዘረፉት ዝርዝሮች ውስጥ የሌሉ አይምሰላችሁ። የሚያድነው ዕጣው ነው፤ ቃላቱ በእናንተ ምርጫ ሳይሆን በዕጣ መውጣታቸው። ከጸሎት፣ ከተረት፣ ከታወቀ ግጥም የተወሰደ ስንኝ ረጅም ቢሆንም ዕጣ አይደለም። በፊደላችን በ«ሀ ሁ» መጻፍስ? አንዳንድ ድረገጽ አይቀበለውም፤ የተቀበለውም ቢሆን አንድ ቀን አማርኛ ኪቦርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ በር ላይ ያስቀራችኋል።

እንዲህ ያለ የቃላት ሰንሰለት ግን ለሁሉም አካውንት አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ቦታ ይበቃል፦ ለፓስወርድ ማስቀመጫው፣ ለኮምፒውተሩ ወይም ለስልኩ፣ ምናልባት ለዋናው ኢሜይል። የቀረውን ማስቀመጫው ያውጣ፣ ማስቀመጫው ይያዝ። ብራውዘርና ስልክ ውስጥ አብሮ የሚመጣውም ከምንም ይሻላል፤ ለብቻው የተሠራ ፕሮግራም ደግሞ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ይሄዳል። «ሁሉንም አንድ ቦታ ማስቀመጥ አያስፈራም?» ተብዬ ስንት ጊዜ እንደተጠየቅሁ! ያስፈራል። ግን ዛሬ ያለው ሁኔታ ከዚህ የባሰ ነው። ያው ቃል ሃያ ድረገጽ ላይ ካለ ሁሉን ነገር አንድ ቦታ አስቀምጣችኋል ማለት ነው፤ ያውም ከሃያው ደካማ በሆነው ዘንድ።

ማስቀመጫው አንድ ሌላ ውለታ አለው። ብዙ ጊዜ አይነገርም። ፓስወርዱን የሚሞላው በተመዘገበበት አድራሻ ላይ ብቻ ነው። የሐሰት ገጽ ከፍታችሁ ዓይናችሁ ቢታለል እሱ አይታለልም፤ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ሲያጋጥማችሁ በእጅ ኮፒ አድርጋችሁ ለመለጠፍ አትቸኩሉ። አድራሻውን ፊደል በፊደል እዩት።

ዋናዋን የቃላት ሰንሰለት ወረቀት ላይ መጻፍ ነውር አይደለም። ሩቅ አገር ያለ ሌባ መሳቢያችሁን አይከፍትም። ስክሪን ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከጉዳዩ በኋላ የተለወጠው

ድሮፕቦክስ በዚያው ኦገስት 2012 ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ለደንበኞቹ ከፈተ። ፓስወርድ ብቻውን አይበቃም፤ ስልክ ላይ የሚወጣ ኮድም ይጠየቃል። ያ ሠራተኛ አካውንቱ ላይ ይህ ቢኖረው ኖሮ የሊንክድኢኑ ፓስወርድ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ቴክክራንች በዘገበው መሠረት ኩባንያው ለሠራተኞቹ በሙሉ የፓስወርድ ማስቀመጫ ገዛላቸው፤ ለውስጥ ሥራ መግቢያዎችም ሁለተኛ ማረጋገጫ ግዴታ ሆነ። ይህ ውሳኔ ያስደስተኛል። «ፓስወርድ አትድገሙ» ብሎ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን መያዣውን ሰጡ።

ኮዱ በአጭር መልእክት ከሚመጣ በስልክ መተግበሪያ ቢወጣ ይሻላል፤ የስልክ ቁጥርን አታልሎ ወደ ሌላ ሲም ማዛወር የተለመደ ወንጀል ነው። አጭር መልእክት ብቻ ካለ ግን እሱኑ አብሩት። መጠባበቂያ ኮዶቹን ወረቀት ላይ አትሙ። ስልክ ይጠፋል፤ ያን ቀን ከራሳችሁ አካውንት ውጭ እንዳትቀሩ።

ከዚህ ጉዳይ የተሳሳተ ትምህርት የወሰዱ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ሰዎች ለአራት ዓመት ስላልቀየሩ ነው የተጎዱት፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ እናስቀይር ይላሉ። አልስማማም። በቀን መቁጠሪያ የተገደደ ሰው «2»ን ወደ «3» ነው የሚቀይረው። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2017 ባወጣው መመሪያ ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ይልቅ አዲስ ፓስወርድ ሲመረጥ ከተዘረፉት ዝርዝሮች ጋር ይታይ፤ መዘረፉ ሲታወቅ ያን ጊዜ ይቀየር ብሏል። በ2003 የወጣውንና ለዓመታት የሠራውን አሮጌ መመሪያ የጻፈው ቢል በር ራሱ በዚያው 2017 በጻፈው ብዙ ነገር እንደሚጸጸት ለጋዜጣ ተናግሯል።

ፓስወርዳችሁ ተዘርፎ እንደሆነ ማየት ዛሬ ቀላል ነው። የሀንት አገልግሎት ላይ ኢሜይላችሁን ብትጽፉ የት የት እንደወጣ ይነግራችኋል። ፓስወርድን ራሱን መፈተሽም ይቻላል። «እንዴት ፓስወርዴን ለማላውቀው ድረገጽ እጽፋለሁ?» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ደስ ይላል። ፓስወርዱ ከእናንተ መሣሪያ አይወጣም። እዚያው ይፈጭና ከ40ው የሀሽ ምልክቶች የመጀመሪያዎቹ አምስት ብቻ ይላካሉ። አገልግሎቱ በእነዚያ አምስት የሚጀምሩትን የተዘረፉ ሀሾች ሁሉ ይመልሳል። የእናንተ ከመካከላቸው መኖሩን የሚያየው የራሳችሁ ብራውዘር ነው። ብዙ የፓስወርድ ማስቀመጫዎች ይህንኑ በራሳቸው ያደርጉላችኋል።

ማንም የማይዘጋላችሁ በር

ሜይ 2016 ላይ ሊንክድኢን ከ2012 ወዲህ ያልተቀየሩትን ፓስወርዶች ሁሉ ከጥቅም ውጭ አደረገ። ኦገስት ላይ ድሮፕቦክስ እንዲሁ። ሁለቱም የየራሳቸውን በር ዘጉ። ያው ፓስወርድ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ዐሥረኛ ቦታ ላይ ካለ ግን ሊንክድኢን አያውቀውም፣ ድሮፕቦክስም አያውቀውም። የት የት እንዳለ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ባለቤቱም ረስቶታል።

ስለዚህ እኔ ሰዎችን ሳግዝ ከኢሜይል እጀምራለሁ። የሌላው ሁሉ «ፓስወርድ ረሳሁ» መልስ የሚመጣው እዚያ ነው፤ ኢሜይል የያዘ ሁሉን ይይዛል። አዲስ ረጅም ፓስወርድ፣ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ከዚያ መጠባበቂያ ስልኩና መጠባበቂያ ኢሜይሉ የማን እንደሆነ ማየት። አንዳንዴ ድሮ የጠፋ ሲም ወይም የለቀቁት መሥሪያ ቤት አድራሻ እዚያ ተቀምጦ ይገኛል። ቀጥሎ ገንዘብ ያለባቸው አካውንቶች። ከዚያ የሥራው፣ ከዚያ ማኅበራዊ ገጾቹ። በአንድ ቀን መቶ ለመቀየር የተነሳ ሰው ዐሥረኛው ላይ ይተወዋል። የቀሩትን ስትገቡባቸው ስትገቡባቸው እየቀየሩ መሄድ ነው።

ያኔ ኢሜይላችሁ መፈለጊያ ውስጥ «ዌልካም» ብላችሁ በላቲን ጻፉ። ከዚያ «ቬሪፋይ» ብላችሁ ሞክሩ። ዓመታት ወደ ኋላ ውረዱ። አንዴ ፎቶ ለማስተካከል የተመዘገባችሁበት፣ ለአንድ ውድድር የከፈታችሁት፣ ስሙን የማታስታውሱት ጨዋታ። እያንዳንዱ ውስጥ የዚያን ጊዜው ፓስወርዳችሁ፣ በማታውቁት ወፍጮ ተፈጭቶ፣ ምናልባትም ጭራሽ ሳይፈጭ፣ ተቀምጧል። የሚያስፈልጋችሁን አስቀሩና ፓስወርዱን ቀይሩት። የማያስፈልጋችሁን ደግሞ ገብታችሁ አጥፉት። መሰረዣው ቅንብሮች ውስጥ ታች ተደብቆ ይሆናል፤ ፈልጉት፣ አለ።